መኪናዋ ደጅ፣ መጽሐፏ ግምጃ ቤት

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ማታ 12፡30

መኪናዋ ደግሞ ጮኸች። ቀበቶ አሰርኩ። አሁንም ጮኸች። በር ይሆን? ወርጄ አራቱንም ከፍቼ ዘጋሁ። ዝም አለች። ልነሳ ስል እንደገና ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ለካ ጎኔ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ማንጎ ነው! ባምባሲ መንገድ ዳር የገዛሁት ግማሽ ጆንያ ማንጎ ሰው መስሏታል። ምን ላድርግ፣ ቀበቶ አሰርኩለት። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ስይዝ ለማንጎ ቀበቶ ሳስር የመጀመሪያዬ ነው። የመ/ቤቱ ዘበኛ አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሳቅ።

አንተ መዝገብ፣ ሥራ ፈት ሆነህ ነው እኔ ቤት የመጣኸው። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና ኪ/ሜዋን ራሷ ትጽፋለች፤ የጉዞ መዝገብ አያስፈልግም ተባለ። ባዶህን ከምትጣል ብዬ አነሳሁህ። «መነሻ፣ መድረሻ፣ የጉዞ ምክንያት» የሚለውን ዓምድህን ተወው። እንዳሻኝ እጽፍብሃለሁ።

መኪናዋን ሁለት ሳምንት የያዘቻት አሻ ነበረች። የመ/ቤቱ ብቸኛ ሴት ሾፌር፣ የሆሞሻ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ዕድሜዋ ከመንጃ ፈቃዴ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ከዛሬ ጀምሮ ተራው የእኔ ነው። አሮጌዋ ፒካፕ ሞተሯ ነክሶ አልነሳ ብላ ጋራዥ ቀርታለች፣ አላህ ይማራት። አሻ ልታሳየኝ ባምባሲ ድረስ አብራኝ ሄደች። ማርሽ የለም። የሬዲዮ መክፈቻ የመሰለ ክብ ነገር ታዞራለህ፣ በቃ። ትንሽ አየር ለማግኘት እንኳ መሪው አጠገብ ያለው፣ እንደ ስልክ በጣት የሚነካው መስታወት ላይ አራት ቦታ መንካት አለብህ። እጄ ማርሽ ፍለጋ ባዶ ቦታ ይዳብሳል። ተናደድኩ።

ቁልቁለት ላይ ግን ለአሻ ሙያዬን አሳየኋት። N የሚለው ላይ አዞርኩና መኪናዋን ለቀቅኳት። እኛ ፎሌ የምንለው ነው፤ ማርሹን ነፃ አድርገህ በራሷ ክብደት ማንከባለል። ጠብታ ነዳጅ አይባክንም። «ቆጣቢ ሾፌር» የሚል የምስክር ወረቀት ሳሎኔ ተሰቅሏል፣ የተሰጠኝ በዚሁ ነው። ለአሻም ነገርኳት፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የወረድኩት አልኳት። መኪናዋ ድምፅ የላትም። ያለ ድምፅ መውረድ ደስ ይላል፣ ያስፈራልም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፡40

ዝናብ። የዘንድሮ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ። ሁለት ባለሙያዎች ከኋላ ጭኛለሁ። የዝናብ መጥረጊያው የት ነው? መስታወቱን ነካሁ፣ ሙዚቃ ተከፈተ። ሌላ ነካሁ፣ ወንበሬ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሌላ ነካሁ፣ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ መናገር ጀመረች። ዝም በይ ብላት አትሰማም። ከፊቴ ያለው መንገድ ጠፋ። ዳር ያዝኩ፤ ወርጄ በፎጣዬ ጠረግኩ፤ ስመለስ ፎጣው ቢጨመቅ አንድ ባልዲ ይወጣዋል። ባለሙያዎቹ አልሳቁም፣ ያ ባሰብኝ። አዘኑልኝ መሰለኝ።

አሻ ጋ ደወልኩ። ፍሬቻው ጫፍ ላይ ነው ጋሼ፣ ጫን በለው አለች። ጫን አልኩት። ጠረገ። ጫፉ ላይ! ለፍሬቻ ስነካው የዋልኩት እንጨት ጫፍ ላይ።

እንግዲህ የአጠቃቀም መጽሐፍ ይኖራታል አይደል ብዬ ንብረት ክፍል ሄድኩ። አለ። መጽሐፉ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። ለምን? ንብረት ነው፤ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫ ቅጹ፣ ወጪ ይደረግ፣ ለዚያ ጠቅላላ አገልግሎት ይፈርም አለኝ ንብረት ክፍሉ። የጠ/አገልግሎት ኃላፊው አቶ ተመስገን ስብሰባ ናቸው። መኪናዋ ደጅ፣ መጽሐፏ ግምጃ ቤት። ኧረ ጉድ ነው!

ግንቦት 7፣ ሐሙስ። ቀን 6፡15

አቶ ተመስገን አስጠሩኝ። መኪናዋ ነግራብኛለች። ባምባሲ ደርሶ መልስ አሻ ከባትሪው ሃያ ሁለት ፐርሰንት ትጨርሳለች፣ እኔ ሠላሳ አንድ። መንገዱ ያው፣ ሰዉ ያው። ልዩነቱ የት ሄደ አሉኝ።

ድሮ ነዳጅ ትሰርቃላችሁ ይሉን ነበር፣ አሁን ኤሌክትሪክ በጀሪካን ቀድቼ ልውሰድ እንዴ አልኳቸው። ቀልዴ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ነገ ኩርሙክ ነው፣ አራት ሰው ይዘሃል፣ ልብ ብለህ ንዳ፤ የማትችል ከሆነ ቁልፉን ለሚችል እሰጣለሁ፣ አንተ ስምሪት ቁጭ ትላለህ አሉ።

ስምሪት ማለት ወረቀት ጽፎ ሌላውን ሾፌር መላክ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ከወሎ በሠፈራ መጥቼ በዚህ አገር ስም ያወጣልኝ መሪ ነው። በቀበሌ ሰይድ ሾፌሩ ነው የሚሉኝ። ቁልፍ ካጣሁ ሰይድ ምኑ ሊሉኝ ነው? ምሳ አልበላልህ አለኝ። ዘይነባ ሚስቴ ምን ሆነሃል ትላለች። ምንም አልኩ፤ አላመነችኝም።

ግንቦት 8፣ አርብ። ከሰዓት 10፡15፣ ከሆሞሻ በታች

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። መኪናዋ ቆማለች።

ሲወረድማ ምን ጎደለ! ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ፎሌ። ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ፍሬኗ ትንሽ ሸተተ። ኩርሙክ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ አየር ይከፈት አሉ፣ ከፈትኩ። ስንመለስ ዳገቱ ጀመረ። ባትሪው ሠላሳ። አሥራ ዘጠኝ። አየሩን ዘጋሁ፣ ሰዎቹ አጉረመረሙ። ስምንት። ከዚያ መስታወቱ ላይ ቢጫ ኤሊ ብቅ አለች። ኤሊ! ምን ማለቷ እንደሆነ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። እንደ ኤሊ ተሳበች፣ ተሳበች፣ ቆመች።

የመንደሩ ሰው ወዲያው ደረሰልን፣ አላህ ይስጣቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊገፉ። ተገፍታ አትነሳም ብል ማን ይሰማኛል? የማትነሳ መኪና አለ እንዴ ብለው ገፉ። ሃያ ሜትር ሄደች፣ ደከማቸው፣ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ክዳኗን አስከፍተው አዩና ሞተሯን ማን ወሰደባችሁ አሉኝ።

አቶ ተመስገን በስልክ ጮኹብኝ። የጫንኳቸው አራት ኃላፊዎች ጎኔ ቆመው ይሰማሉ። ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። ከእኔ በፊት ማን ነበር የያዛት አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ትታት ታድር ነበር፣ ባትሪ እንደዚያ ነው የሚሞት ሲሉ ሰምቻለሁ አልኩ። ስሟን አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገ።

አቶ ተመስገን ገባኝ አሉ፣ በለዘበ ድምፅ። ቀለለኝ። አልዋሽህም፣ ቀለለኝ።

ግንቦት 10፣ እሑድ። ጠዋት 4፡00

አርብ መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ገባች። ትናንት ቅዳሜ ውሳኔው ተነገረ። አሻ ከመኪናዋ ተራ ወርዳለች፤ ከእንግዲህ አትይዛትም። ስምሪት ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ ልምድ ያለኝ ስለሆንኩ መጽሐፉን አንብቤ የባትሪውን አያያዝ በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ሞዴል 22 በአምስት ደቂቃ ተፈረመ። ሲፈልጉ እንዲህ ናቸው።

አሻ ኮንትራት ናት። ኮንትራቷ ሰኔ 30 ያልቃል፤ በሥራ ግምገማ ነው የሚታደሰው። ይህን ትናንት ከሰዓት ነው ያሰብኩት። አርብ ለምን አላሰብኩትም? ለማንኛውም፣ ባትሪውን እሷ ጎድታው ቢሆንስ? ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ ይናገራል።

መጽሐፉ 438 ገጽ ነው። በእንግሊዝኛ። ብሎኬት ያህላል። የእኔ እንግሊዝኛ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ ስለዚህ ግቢያችን የተከራየውን መምህር ዮናስን ለመንኩት። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ይጠጣል፣ መኪና ግን ነድቶ አያውቅም። እሱ ያነባል ምን እንደሆነ አይገባውም፣ እኔ ይገባኛል ማንበብ አልችልም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሾፌር ወጣን።

ገና ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ልጅ ጣሪያ ላይ አታስቀምጥ። ባትሪውን አትላስ። ማን ነው የላሰው? በበረዶ ላይ ስለመንዳት አሥራ አራት ገጽ፤ ስለ አቧራ አንድ መስመር። «ገጽ 212ን ይመልከቱ» ይላል፣ ስንሄድ 212 ደግሞ ወደ 87 ይመልሰናል። ዮናስ ይህን የጻፈው ሰው ተማሪዬ ቢሆን እጥለው ነበር አለ። ሳቅን። ከአርብ ወዲህ የሳቅኩት አሁን ነው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ማታ 1፡00

ገጽ 158። ዮናስ ያነባል፣ እኔ ማንጎ እልጣለሁ። በቤት ቻርጅ ሌሊቱን ማሳደር ይቻላል፣ ሲሞላ ራሷ ታቆማለች ይላል። ድገመው አልኩ። ደገመው። ጉዳት የለውም ይላል፣ ጋሽ ሰይድ፣ በግልጽ ተጽፏል አለኝ።

እሺ፣ ቀጥል አልኩት።

ገጽ 297። ይህች መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ጎማዋ እየዞረ ባትሪዋን መልሶ ይሞላል። D፣ መሄጃው ላይ ስትሆን ማለት ነው። N ላይ ከሆነች ግን ምንም አትሞላም፤ ፍሬን ብቻ ይግላል፤ በጉዞ ላይ N እንዳታደርጉ። ዮናስ ቀና ብሎ ይሄ N የሚሉት ምንድነው ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ይጠቀሙበታል እንዴ አለኝ።

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ዝለለው አልኩት። ይህ ለሌላ ዓይነት መኪና ነው አልኩት። ልጁ አመነኝ። ገጹን ገለጠ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ። ጠዋት 3፡30

ቸኩለህ አትፍረድ፣ መጽሐፍም ይሳሳታል ብዬ ሞከርኩት። ለብቻዬ፣ ጎማ ላስነፋ ብዬ ወጥቼ። የሆሞሻን መንገድ ይዤ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ባትሪ 64።

D ላይ ተውኳት። እጄ አላርፍ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ራሱ ይሄዳል። ሁለቴ ወደ N ሄዶ መለስኩት። በመጨረሻ ቀኝ እጄን ጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩበት፤ በግራዬ ነዳሁ። ይህን ለማንም እንዳትናገር።

65። ከዚያ 66።

መንገድ እየሄድክ ነዳጅ ሲጨምርልህ አስበው! ጮኽኩ በደስታ። ብቻዬን፣ መኪና ውስጥ፣ ጮኽኩ። ታች ደርሼ ስቆም ግን ደስታው ወዴት እንደሄደ እንጃ። ባትሪው ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። አሻ ባትሪውን አልነካችም። አርብ ዕለት አራት ሰው ፀሐይ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ እሷን ከወንበሯ ያወረድኳትም እኔ።

ለአቶ ተመስገን የማቀርበው ጽሑፍ አለ። ምን ብዬ ልጽፍ ነው? «በአጠቃቀም ላይ ማስተካከያ ተደርጓል» ብል ይበቃል። ውሸትም አይደለም። የቢሮ ቋንቋ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ግንቦት 15፣ አርብ። ከሰዓት 11፡20

ኩርሙክ ደርሼ መጣሁ። ያው መንገድ፣ ያው አራት ሰው፣ አየሩም ተከፍቶ። ግቢ ስገባ 34 ቀርቷታል። ሠላሳ አራት!

አቶ ተመስገን መስታወቱን በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ሾፌሮቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ነበሩ። አቶ ተመስገን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ልምድ ማለት ይኼ ነው አሉ። አያችሁ፣ አሻ ከወረደች ወዲህ መኪናዋ ዳነች አሉ።

የስምሪት መስኮት ክፍት ነበር። አሻ ወረቀት ትጽፋለች። ቀና አላለችም። እኔ ምን አልኩ? አመሰግናለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ! ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። ጥሩ በነዳሁ ቁጥር እሷ ላይ ማስረጃ ይሆንባታል። ክፉ ብነዳ ደግሞ ቁልፉ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። መኪናዋን አጠብኩ። እንደገና አጠብኳት። ንጹሕ ናት እኮ አለኝ ዘበኛው።

ግንቦት 17፣ እሑድ። ከሰዓት 9፡00

ጠዋት ለዘይነባ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ጭኔ ሥር የደበቅኩትን እጄን ሳይቀር። እጄን ሳወራላት ሳቀች፣ ስለ አሻ ስነግራት ሳቋን አቆመች። እሷም እንደ እኔው የሠፈራ ልጅ ናት፣ ነገር አታለዝብም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አለች። ይህን ለእኔ አትንገር፣ የአሻን ቤት ታውቀው የለ አለች። ጫማዬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

ሄድኩ። አሻ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖር። እናትየው አማርኛ ብዙ አይሉም፤ ወንበር አወጡልኝ፣ ውሃ አመጡልኝ፣ የልጃቸው አለቃ መስያቸዋለሁ መሰለኝ ተሽቆጠቆጡልኝ። ያም አሳፈረኝ። መጽሐፉን ይዤ ሄጄ ነበር። ገጽ 297ን ገልጬ ጭኔ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ፎሌውን፣ አርብ በስልክ ያልኩትን፣ ረቡዕ የሞከርኩትን። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ጨርሼ ሳያት አልደነገጠችም። ቃሏን እንዳለ ልጻፈው፦

«ጋሼ፣ እኔ አውቃለሁ ነበር። በመጀመሪያ ቀን፣ ባምባሲ ስንሄድ። N ሲሆን አይቻለሁ። ልናገር አልኩ፣ አንተ ሃያ ሁለት ዓመት አልክ። ኻላስ፣ በቃ፣ ዝም አልኩ።»

እንዴት ዝም ትያለሽ አልኳት። እኔው ተቆጣኋት፣ አስበው!

ትልቅ ሰው መሪ ይዞ አይታረምም፣ ያፍራል፣ እኛ ቤት እንደዚያ ነው ያሳደጉን አለች። ቁልፉን ሲቀሙሽስ አልኳት። ያኔ ብናገር ለራሷ ብላ ነው ይላሉ አለች። ወላሂ ብዬ ብምልም ማን ያምነኛል፣ አንተ ጋሼ ሰይድ ነህ፣ እኔ ኮንትራት ነኝ አለች። ባጃጅ ያለው አጎት አላት። ከሐምሌ ጀምሮ ባጃጁን ልትይዝ ተነጋግራ ጨርሳለች።

እሷ እኔ እንዳላፍር ብላ ዝም አለች። እኔ ደግሞ እንዳላፍር እሷን ሸጥኳት። እንባዬ መጣ። አላፈርኩም። እናትየው ምን ሆነ ብለው በበርታ ቋንቋ ጠየቋት፤ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፣ ብቻ ሌላ ውሃ አመጡልኝ።

ነገ እናገራለሁ አልኳት። ደስ አላላትም። ቁልፉን ይወስዱብሃል ወይ ብቻ ነው ያለችኝ። እንጃ አልኩ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ። ጠዋት 1፡50

ግቢ ውስጥ ነኝ፣ መኪናዋ ውስጥ። ጠዋት ጽሑፍ ጀምሬ ነበር። «በአጠቃቀም ላይ» ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። ወረቀት ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ይቆለፍበታል፣ በሞዴል 22 ካልሆነ አይወጣም።

ቁልፉ ኪሴ ነው፤ በየደቂቃው እነካዋለሁ። ዛሬ ማታ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ለአቶ ተመስገን የምለው ይህ ነው፦ ባትሪው ደህና ነው፤ ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ አሻ ከመጀመሪያውም ትችል ነበር፤ መንዳቱን እኔ ከእሷ ልማር እንጂ እሷ ስምሪት የምትቀመጥበት ምክንያት የለም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነው የምናገረው፤ ያንሱት፣ አያንሱት፣ የእሳቸው ፋንታ ነው።

አቶ ተመስገን አሁን መጡ። በመስኮት አዩኝና ጽሑፉ ደረሰ ወይ አሉኝ። በቃል ነው አልኩ። ና ግባ፣ ሾፌሮቹ ሳይሰበሰቡ ብቻችንን እንጨርሰው አሉ።

እግሬ ሊነሳ ነበር። ብቻችንን ቢሆን እንዴት ይቀላል! በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ ይቅርታ ተባብሎ።

አይ፣ ይሰብሰቡ አልኩ። አራቱ ሾፌሮች ደርሰዋል። ዘበኛውም ቆሟል። አሻ በትልቁ በር እየገባች ነው፣ ሻሿን እያስተካከለች። በሌለችበት ያልኩትን ባለችበት ላፈርስ ነው።